የቆላ በር ሰላም

በ2071 ዓ.ም. የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪ መሆን ማለት በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወንበርን ይዞ መገኘት ማለት ነበር። ስልክ በር ላይ ይቀራል። ግድግዳው ላይ የዕለቱ አሥር የዓለም ጉዳዮች ይወጣሉ፤ ሠራተኛው ባጭሩ «አሥሩ» ይላቸዋል። እያንዳንዱ ተመራማሪ ዕድሜውን ከፈጀበት ጥናት አንድ ግኝት መዝዞ ከአሥሩ ከአንዱ ጋር ያገናኛል። የተሰጠው አርባ ደቂቃና ዘጠና ቃል ነው። ያላገናኘ ቀኑ ይሰረዝበታል፤ ሠላሳ ቀን የተሰረዘበት ደግሞ የተመራማሪነት ፈቃዱን ይነጠቃል። ሐሳቡ ሲጀመር መጥፎ አልነበረም። ምሁሩ ለራሱ ይጽፋል፣ ዓለም በራሷ መንገድ ትሄዳለች፣ ሁለቱ አይተዋወቁም እየተባለ ስንት ዓመት ሲወቀስ ኖሮ፣ በመጨረሻ የሚያስተዋውቃቸው መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ስሙም ማገናኛ ተባለ።

ዶክተር ሶሊያና እዚህ ቤት አሥራ አንድ ዓመት አገናኝታለች። ጥናቷ ስለ ገበያ ቀን ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት፣ ገና ተማሪ ሳለች፣ በአንዲት ትንሽ የቆላ ከተማ ሁለት ዓመት ተኩል ተቀምጣ፣ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ሰዎች ለምን እንደተፋጁ ስትጠይቅ ኖረች። ሰው ሁሉ ድርቅ ነው፣ መሬት ነው፣ መሣሪያ ነው ይላት ነበር። እሷ ያገኘችው ግን ሌላ ነው። ሁለቱ ሰፈሮች ሐሙስ ሐሙስ አንድ ሜዳ ላይ ይገበያዩ ነበር። «እነ እንቶኔ እንዲህ ሊያደርጉን ነው» የሚል ወሬ ሲነሳ፣ ሰው እስከ ሐሙስ ይታገስና ሽንኩርት እየመረጠ ሻጩን ይጠይቀዋል። «እውነት ነው እንዴ?» «ኧረ የምን! ማነው ደግሞ ይሄን ያወራው?» ወሬው እዚያው ሽንኩርቱ ላይ ይቀራል። ገበያው ለሁለት ቀን የተከፈለ ጊዜ ግን የሚጠየቅ ሰው ጠፋ። በሰባተኛው ሳምንት ወፍጮ ቤቱ ተቃጠለ፤ ሠላሳ አንድ ሰው ሞተ። ሶሊያና ከዚያ በኋላ ሌሎች አራት ከተሞች አየች። ገበያው ከተከፈለ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ የተነሳ፣ ስምንት ሳምንትም ያለፈ ግጭት አላገኘችም።

ይህ ግኝት በማገናኛው ቤት ያልሆነው ነገር የለም። ከሰሜን ዋልታ ወደቦች ጋር ተገናኝቷል፤ ከአንዲት ደሴት ምርጫ ጋር ተገናኝቷል፤ አንድ ጊዜ ከዓሣ ነባሪ ስምምነት ጋር ተገናኝቶ በተዛማጅነት ሰባ አንድ ከመቶ አግኝቷል። አጠገቧ የሚቀመጠው ዶክተር ቅዱስ የባሰ ነው። ዘመነ መሳፍንትን ከጨረቃ ማዕድን ውል ጋር አገናኝቶ ተሸለመ፤ ሽልማቱንም ዓይኑን በጨው አጥቦ ተቀበለ። ሶሊያና ግን በየጠዋቱ ዘጠና ቃሏን የምትጽፈው ሳትወድ ነው። ያንን ሁሉ ወሬ የነገሯት ሰዎች አንዳቸውም ዓሣ ነባሪ አላዩም።

በጥናቱ ላይ ከተማዋ «ቆላ በር» ትባላለች። እውነተኛ ስሟ አይደለም። ማን እንዳቃጠለ፣ ማን መሣሪያ እንደደበቀ፣ ማን አይቶ ዝም እንዳለ የነገሯት ሃያ ሦስት ሰዎች የራሳቸውም የከተማቸውም ስም እንዳይወጣ አስምለዋት ነው። እኔም ብሆን ስሟን አልነግራችሁም፤ የሷ መሐላ እኔንም ይይዘኛል።

ሰኞ ጠዋት ሶሊያና ገበያዋን ከአንድ የተዘጋ የባሕር ወሽመጥ ጋር አገናኝታ ስትወጣ፣ ስልኳ ላይ ሰባት ያልተነሳ ጥሪ አገኘች። ሰባቱም ከጋሼ ናሆም ነበሩ። ናሆም የዚያች ከተማ ሚዛን ያዥ ነው፤ ሁለቱ ሰፈሮች እህላቸውን የሚያስመዝኑት እሱ ጋ ነበር። ሶሊያናም ያን ጊዜ የተከራየችው የሱን የጓሮ ክፍል ነው። መልሳ ደወለች።

«ሶሊዬ፣ ምን ሆነሽ ነው ስልክ የማታነሺው?»

«በር ላይ እንተወዋለን፣ ጋሼ። ደህና ነዎት?»

«እኔማ ደህና ነኝ። ሐሙስ ናት የሞተችው።»

ሶሊያና ኮሪደሩ ላይ ቆመች። «ገበያው ተከፈለ?»

«ተከፈለ።»

«ማን ከፈለው?»

«ማንም! ጉዱ እሱ አይደል? ዕቃ የሚያመጡት ድሮኖች ለላይ ሰፈር ማክሰኞ፣ ለታች ሰፈር ቅዳሜ ይሁን አሉ። አሉ አልኩሽ? ድሮን ምን ይላል! እንዲያ ሆኖ መጣ፤ ለባትሪያቸው ይሻላል ተባለ። ሰዉም ዕቃው በሚመጣለት ቀን መውጣት ለመደ። ሐሙስ ሐሙስ ሜዳው ላይ ያለነው እኔና ሚዛኔ ነን።»

«ስንተኛ ሳምንቱ ነው?»

«የፊታችን ሐሙስ ስድስት ይሞላል።»

«ወሬስ አለ?»

«ወሬማ ምን ጠፍቶ! የታች ሰፈሮች የላይ ሰፈርን የውሃ ታንከር ሊመርዙ ነው ይባላል። እነዚያ ጥበቃ አቆሙ። ታች ሰፈር ደግሞ ጥበቃውን አይቶ ሊመጡብን ነው ይላል። መጽሐፍሽ ላይ ያለው እኮ ነው፣ ሶሊ! አላነበብኩትም፤ ግን የነገርኩሽ እኔ ነኝ።»

ሶሊያና መጀመሪያ የደወለችው ለከተማዋ አስተዳዳሪ ነው። ሰውዬው በትሕትና አዳመጣትና፣ «ደወል አረንጓዴ እያሳየ እኔ ምን ሥልጣን አለኝ?» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ደወል የሚባለው የግጭት ማስጠንቀቂያው ሥርዓት ነው። አገሩን በሙሉ በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ቀብቶ ይይዛል። ቀይ ካላለ ፖሊስም ሽማግሌም መኪናም ከቦታው አይነቃነቅም።

አራተኛ ፎቅ ወጣች። ደወልን የሚከታተለው ያፌት የሚባል የቀድሞ ተማሪዋ ነው። ስታስተምረው ጎበዝና ጠያቂ ልጅ ነበር፤ አሁን ጎበዝ ብቻ ሆኗል።

«አንድ የቆላ ከተማ አለች፣» አለችው። «አረንጓዴ ናት። መሆን የለባትም።»

«ስለ ከተማዋ የተሠራ ጥናት አለ?»

«የኔ ጥናት።»

«የእርስዎ ጥናት ስለ ቆላ በር ነው።» ያፌት ካርታውን አዞረላት። «ቆላ በር ደግሞ ከቅዳሜ ጀምሮ ቀይ ናት። በቆላው በኩል የድሮን ቀን መከፈሉን ሲያገኝ ደወል ከጥናትዎ ጋር አያያዘው። በጣም ደስ ይላል፣ ዶክተር። ሰባት ልዑካን በሁለት መኪና ልከናል።»

«ወዴት?»

«ወደ ቆላ በር ነዋ።»

ሶሊያና ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «ያፌት፣ ቆላ በር የምትባል ከተማ የለችም። እኔ ነኝ ያወጣሁላት። በሁለተኛው ሳምንት ያስተማርኳችሁ ትምህርት ነው!»

«እኔማ አውቃለሁ፤ ደወል ነው የማያውቀው።» ያፌት ትንሽ አፈረ። «ከወንዝ የሁለት ሰዓት መንገድ፣ በምሥራቅ ተራራ፣ የማሽላ እርሻ ብለው ጽፈዋል። ከዚያ ተነስቶ ቦታዋን አሰላ። የሕዝብ ብዛትም አላት፤ አሥራ አራት ሺህ ሁለት መቶ።»

ካርታው ላይ ቀይ የሆነው ቦታ ባዶ ሜዳ ነበር። ሁለት ነጥቦች በዙሪያው ቀስ እያሉ ይሽከረከራሉ። ልዑካኑ መንገድ ጠፍቷቸው ነው። ሶሊያና ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዋ መጣና ሁለቱንም ዋጠቻቸው።

«እውነተኛውን ስም ያስገቡ፣» አለ ያፌት። «ጥናቱ ከከተማዋ ጋር ይያያዛል፤ ቀይ ትሆናለች፤ ልዑካኑም በሦስት ሰዓት ውስጥ እዚያ ናቸው።»

«ሌላስ ምን ይሆናል?»

«ሌላማ… ጥናቱ በሙሉ የከተማዋ ነዋሪ ሁሉ ስልክ ላይ ይደርሳል። የማወቅ መብት ነው።»

በሙሉ ማለት ምዕራፍ አራትም አለበት ማለት ነው። ምዕራፍ አራት የሃያ ሦስቱ ሰዎች ቃል ነው። የከተማዋን ስም ያላወቀ አንባቢ ማንንም ለይቶ አያውቅም። የከተማዋ ሰው ግን «የወፍጮ ቤቱ ጎረቤት የሆነች መበለት» ሲል ማን እንደሆነች፣ ወንድሟም ማን እንደሆነ ባንድ አፍታ ይለያል።

«ምዕራፍ አራትን ነጥላችሁ ማስቀረት አትችሉም?»

«ጥናት አይቆረጥም። ደግሞም ስም ለመግለጽ በሕይወት ያለ መረጃ ሰጪ ሁሉ በጽሑፍ መፍቀድ አለበት። አንቀጽ አሥራ አራት።»

«ሁሉም? አንድ ሳይቀር? ይሄን ድርቅ ያለ ደንብ ማነው ያረቀቀው?»

ያፌት ጉሮሮውን ጠረገ። «እርስዎ ነዎት፣ ዶክተር።»

እውነት ነው፣ ያረቀቀችው እሷ ናት። ያኔ ኮርታበትም ነበር፤ ጉባኤ ላይ አንብባው ተጨብጭቦላታል። ከተማዋ ውስጥ ያለ ሰው በስሙ ምክንያት እንዳይገደል ያወጣችው ደንብ ነው፣ ሌላ የሞት ምክንያት ይመጣል ብላ አላሰበችም።

«ሌላም መንገድ አለ፣» አለ ያፌት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በራስዎ ኃላፊነት ማስገባት ይችላሉ። የተመራማሪነት ፈቃድዎ ይነጠቃል እንጂ ሥርዓቱ ይቀበላል።»

ፈቃዷ ቢነጠቅ ግድ አልነበራትም። ያስጨነቃት የመበለቷ ነገር ነው።

ከሃያ ሦስቱ በሕይወት ያሉት አሥራ አራት ናቸው። ናሆም አንደኛው ነው። ሰኞ ከሰዓት ጀምሮ ቤት ለቤት ዞረ፤ ሰባ ዓመት ሞልቶት ጉልበቱን እያመመው፣ ላይ ሰፈር ወጥቶ ታች ሰፈር ወረደ። ማክሰኞ ማታ ስምንት ፈቃድ ደረሰ፤ ረቡዕ ከሰዓት አሥራ ሦስት ሞላ።

«ምን ብለው እሺ አሉዎት?» ብላ ጠየቀችው።

«ምን ይላሉ? ስማችንን ደብቂ ያልንሽ እንዳንሞት ነበር፤ አሁንም እንዳንሞት ግለጪው። ይኸው ነው። ማክዳ ግን ራሷ ታነጋግረኝ አለችኝ።»

እትዬ ማክዳ ያቺ መበለት ናት። ያኔ ለሶሊያና ወፍጮ ቤቱ ላይ እሳት የለኮሰው የገዛ ታናሽ ወንድሟ መሆኑን ነግራታለች፤ ለሌላ ለማንም ተናግራው አታውቅም። ወንድሟ ዛሬም አጥር ተጋርቷት ይኖራል። በወፍጮ ቤቱ ውስጥ አባታቸው የሞተባቸው ልጆች ደግሞ አንድ መንገድ አለፍ ብለው ይኖራሉ፤ አድገው ወልደዋል።

«ልጄ፣» አለች ማክዳ በስልኩ፤ ድምፅዋ ደክሟል። «የከተማዋ ስም ከወጣ ወንድሜን ይበሉታል። ካልወጣ ሁላችንም ልንበላላ ነው። ይሄን ነው የምትጠይቂኝ?»

«አዎ፣ እትዬ። ይሄንኑ ነው።»

«አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

ሶሊያና ሃያ ዓመት ስለ ግጭት ጽፋለች። «አላውቅም፣» አለች።

«እንግዲያው እስከ ነገ ስጪኝ። ለሱ ሳልነግረው አልፈርምም።»

ሐሙስ ጠዋት ሶሊያና ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ገበያዋን ከአንድ የሳተላይት ግብር ጋር አገናኘች። ምን እንደጻፈች አታስታውስም። እንደጨረሰች አራተኛ ፎቅ ወጥታ ያፌት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጠች። ሰሌዳው ላይ «የቦታው ስም» የሚል ባዶ ሳጥን ተከፍቷል። ከሱ በታች «አሥራ ሦስት ከአሥራ አራት» ይላል።

ስድስት ሰዓት ላይ ናሆም ደወለ። ከጀርባው ነፋስ ይሰማል።

«ሚዛኔን ይዤ ሜዳው ላይ ነኝ። ሦስት ሰው መጣ።»

«ሦስት?»

«ሁለት ከላይ፣ አንድ ከታች። ሽምብራ መዘንኩላቸው። ከላይ የመጣችው ሴትዮ የታቹን ሰውዬ ስለ ታንከሩ ጠየቀችው። እኔ ራሴ የምጠጣው ከሱ አይደለም እንዴ ብሎ ሳቀባት። እሷም ሳቀች። ከቻልኩ እስኪመሽ እቀመጣለሁ፤ ሌላም ይመጣ ይሆናል።»

«ጋሼ፣ ብቻዎን ባይሆኑ…»

«ገበያ ብቻውን አይሆንም፣ አንቺ። አንድ ሰው ግን መጀመር አለበት።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የልዑካኑ ዘገባ መጣ። ያፌት ማያ ገጹን ወደ እሷ አዞረው። ልዑካኑ በመጨረሻ ሜዳው መሐል አንድ ግመል ጠባቂና ሚስቱን አግኝተዋል። አነጋግረዋቸዋል። ባልና ሚስቱ ከማንም ጋር ጠብ የለንም ብለዋል። «በቆላ በር ያለው ሁኔታ የተረጋጋ ሲሆን፣ የተነጋገርናቸው ነዋሪዎች በሙሉ ለሰላም ያላቸውን ቁርጠኝነት ገልጸውልናል።» ካርታው ላይ ቀዩ ሜዳ እያየችው አረንጓዴ ሆነ።

«ያፌት፣ ባዶ ሜዳ አስታረቃችሁ እኮ!» ብላ ጮኸች። የፎቁ ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። «ሰባት ሰው፣ ሁለት መኪና፣ ባዶ ሜዳ!»

«ያስገቡት እንግዲህ፣» አለ ያፌት። እሱም ተናዷል፤ በማን እንደሆነ ግን አይታወቅም። «አንድ ቃል ነው። ያስገቡትና እንገላገል።»

ሶሊያና ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳረፈች። የመጀመሪያውን ፊደል ጻፈች። ከዚያ ማክዳ ታየቻት፣ አጥሩ ታያት፣ አንድ መንገድ አለፍ ብለው የሚኖሩት ልጆች ስልካቸውን ሲከፍቱ ታዩዋት። የመጀመሪያዋ ግጭት በሰባተኛው ሳምንት ነበር። አራቱ ከተሞች ውስጥ ሦስቱ በሰባትና በስምንት ነበሩ፤ ስድስተኛው ላይ የሆነው አንዱ ብቻ ነው። የገዛ ሠንጠረዧን በልቧ አየችው። ነገም ቀን ነው ብላ ፊደሏን አጠፋችው። ምርምሯን ለመጀመሪያ ጊዜ ከዓለም ጉዳይ ጋር በእውነት ያገናኘችው ያን ጊዜ ነው፤ የመረጠችውም የተሳሳተውን ቁጥር ነበር።

የፈቃድ መቀበያው ክፍል አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተዘጋ። እሷም ወደ ቤቷ ሄደች።

ዓርብ ጠዋት ከአልጋዋ ሳትወርድ ለናሆም ደወለች። መስመር የለም። ለማክዳ ደወለች። መስመር የለም። በቆላው በኩል መስመር መጥፋቱ አዲስ ነገር አይደለም ብላ ለራሷ ነገረችው። ታክሲ ውስጥም ደጋግማ ሞከረች። ሁለት ሰዓት ተኩል ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ስልኩን በር ላይ ባለው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣ ገባች።

አሥሩ ወጡ። አንደኛው ስለ ዋልታ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ጨረቃ። ሰባተኛው ላይ የከተማዋ ስም ነበር። እውነተኛው ስሟ፣ ሃያ ዓመት አንድም ጊዜ ከአፏ ያልወጣው፣ በክንድ በሚያክል ፊደል ግድግዳው ላይ ተጽፏል። ከስሙ ጎን ቁጥር አለ፤ ከቁጥሩ ጎን «እስካሁን» የሚል ቃል አለ። ከሥሩ ከላይ የተነሳ ምስል ይታያል። ጭሱ ቀጥሏል። ሜዳው መሐል አንድ ሚዛን በጎኑ ወድቋል፤ ሽምብራው ተበትኗል።

«ሰባተኛው የት አገር ነው?» አለ ዶክተር ቅዱስ አንገቱን አስግጎ። «ውይ፣ እኛው ጋ ነው እንዴ!» ዘወር አለና አያት። «ሶሊ፣ ገበያ ምናምን ይላል። ይሄ ካንቺ ጥናት ጋር አይገናኝም?»

አዳራሹ ውስጥ ቁልፎች መንኳኳት ጀመሩ። ከአርባ ሁለቱ ተመራማሪ ብዙዎቹ ሰባተኛውን መርጠዋል፤ አገር ውስጥ ስለሆነ ውጤቱ ጥሩ ነው። ሶሊያና በናሆም ተናደደች፣ ለምን ብቻውን ተቀመጠ ብላ። በያፌት ተናደደች። በአንቀጽ አሥራ አራት ተናደደች። የተናደደችበትን ሁሉ አንድ በአንድ ብትፈታው መጨረሻው ላይ የራሷን ጣትና ያጠፋችውን ፊደል ነበር የምታገኘው። የቀረው ጊዜ ሠላሳ አንድ ደቂቃ ነው።

ጻፈች። ሐሙስን፣ ሽንኩርቱን፣ «እውነት ነው እንዴ?» የሚለውን ጥያቄ ጻፈች። ዘጠናው ቃል በቃት። «የቦታው ስም» የሚለው ሳጥን ላይ ስትደርስ ጣቷ በልማድ «ቆላ በር» ብሎ ጻፈ። አጠፋችውና ከግድግዳው ላይ እያየች እውነተኛውን ስም ገለበጠች፣ የማታውቀውን አገር ስም እንደሚገለብጥ ሰው፣ ፊደል በፊደል።

ሥርዓቱ ወዲያው መለሰላት። ተዛማጅነት ዘጠና ስምንት ከመቶ። ማገናኛው ከተቋቋመ ወዲህ የተመዘገበ ከፍተኛው ውጤት። ቅዱስ አይቶ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት።

ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ወጥታ ስልኳን ከመሳቢያው አነሳች። ከናሆም ምንም የለም። ከፈቃድ መቀበያው ክፍል አንድ መልእክት አለ።

«የመጨረሻው መረጃ ሰጪ ፈቃድ ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ደርሶናል። የሥራ ሰዓት ያለፈ በመሆኑ ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ተመዝግቧል። ከፈቃዱ ጋር የተያያዘ የመረጃ ሰጪዋ ማስታወሻ፦ ወንድሜ ለልጆቹ እኔው ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ ብሏል፤ አትፍሪ ልጄ። አሥራ አራት ከአሥራ አራት ተሟልቷል። አሁን የቦታውን ስም መግለጽ ይችላሉ።»